ኦድ ሲወርድ ማን ቀደመ?

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከቤቴል እስከ አየር ጤና፣ የስፖርት ውርርድ ቲኬት በሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ አንድ እምነት አለ። ኦዱ በድንገት ከወረደ አቋማሪው ፈርቷል፤ ስለዚህ ቡድኑ ያሸንፋል ይላሉ። ለመሆኑ እውነት ነውን?

ኦድ እንደማንኛውም ሸቀጥ ዋጋ ነው። 2.10 ማለት ለ100 ብር 210 ብር የሚመልስ ሲሆን፣ ሲሰላ 48 ከመቶ ያህል የማሸነፍ ዕድል ነው። ወደ 1.80 ሲወርድ ግምቱ 56 ከመቶ ይጠጋል። በአጠና ተራ ዋጋ የሚቆረጠው ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ተከራክረው ነው። የእንግሊዝ ሊግ ኦድ ግን ኮልፌ ላይ በሚያዝ መቶና ሁለት መቶ ብር አይነቃነቅም። የሚያንቀሳቅሰው በአውሮፓና በእስያ ገበያዎች የሚፈስሰው ከፍተኛ ገንዘብ ነው። አጥቂው መጎዳቱ ሲሰማ፣ ወይም ከጨዋታው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ አሰላለፍ ሲወጣ፣ በስሌት የሚወራረዱት ቀድመው ይገባሉ፤ ሌሎች አቋማሪዎችም ዋጋቸውን ያስተካክላሉ።

እንግዲህ ያተረፈው በ2.10 የቆረጠው ነው። በ1.80 የሚሮጠው ያንኑ ወሬ በችርቻሮ ዋጋ ይገዛል። ነጋዴው ይህን ያውቀዋል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ሲዘል፣ ዜናውን ሰምቶ የመጣ ሰው የጠበቀው አዲሱ ዋጋ ነበር።

ዋጋው ያለ ምክንያት የሚሮጥበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 በፖላንዷ ሶፖት ሩሲያዊው የቴኒስ ተጫዋች ዳቪደንኮ የመጀመሪያውን ዙር አሸንፎ ሳለ፣ ኦዱ መውረድ ሲገባው ሽቅብ ወጣ። በኋላም በጉዳት አቋረጠ። ቤትፌር የተባለው ድርጅት ውርርዱን በሙሉ ሰረዘ። ተጫዋቹ ተመርምሮ በ2008 ነፃ ወጥቷል፤ ጥርጣሬውን የቀሰቀሰው ግን የዋጋው አካሄድ ነበር።

የአቋማሪው ትርፍ ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ተቆርጧል። ለአንድ ጨዋታ 1.85፣ 3.40 እና 4.20 ቢሰጥ፣ የሦስቱ ዕድሎች ድምር 107 ከመቶ ይሆናል። ትርፉ ያለው በዚያ ሰባት ውስጥ ነው። እንዲህ ያሉ ስምንት ጨዋታዎች በአንድ ቲኬት ሲደረደሩ፣ ከተያዘው 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 57 ብር ብቻ ነው፤ ኦዱ ወረደም ወጣም።