ልጃገረዶች በየወሩ ከትምህርት ገበታ እንዳይቀሩ

የመጀመሪያው የወር አበባ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። ይህም ለብዙዎቹ ልጃገረዶች የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ጊዜ ነው። በዚህ ምክንያት በየወሩ 3 ቀን የምትቀር ተማሪ በ10 ወር ውስጥ የ30 ቀን ትምህርት ታጣለች። መምህሩ ስንፍና ይመስለው ይሆናል፤ ነገሩ ግን የውሃ፣ የመዝጊያና የምክር ጉድለት ነው።

የወር አበባ ሕመም አይደለም። ማሕፀን በየወሩ ለጽንስ የሚሆን ሽፋን ያዘጋጃል፤ ጽንስ ሳይኖር ሲቀር ይኸው ሽፋን ከደም ጋር ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቀኑ ቢዛባ የሚያስደነግጥ አይደለም።

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በገርጂ፣ በጎሮ፣ በሰሚትና በአያት፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ትምህርት ቤቱም እንደ መኖሪያ ቤቱ በሮቶና በበርሜል ባጠራቀመው ይተዳደራል። ሮቶው በደረቀ ቀን ልጅቱ ከቤት መዋልን ትመርጣለች። ከገጠር መጥተው በዘመድ ቤት እየኖሩ የሚማሩም አሉ፤ እናት አጠገባቸው ስለሌለች፣ አክስትም ስለምታፍር፣ ደሙን ባዩ ጊዜ የታመሙ እየመሰላቸው ይሸበራሉ።

ስለዚህ መምህራንና ወላጆች የሚከተለውን እንዲፈጽሙ ይገባል።

1ኛ፤ ልጅቱ ነገሩ ሳይደርስባት አስቀድሞ በእናቷ ወይም በሴት መምህርት ይነገራት። ወንዶቹም በሳይንስ ትምህርት በግልጽ ይማሩት፤ ያላወቀ ይስቃል፣ ያወቀ ያከብራል።

2ኛ፤ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ከውስጥ የሚቀረቀር በር፣ ውሃ፣ ሳሙናና ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ ይኑረው። ውሃ ለሚጠፋበት ቀን አንድ ጀሪካን ተሞልቶ ይቀመጥ።

3ኛ፤ ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይለወጥ። ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን በሴት መምህርት እጅ ይገኝ።

4ኛ፤ ሞዴስ ለመግዛት አቅም ያነሰው ንጹሕ ጨርቅ ወይም እየታጠበ የሚያገለግለውን ይጠቀም። የኬሚካል መሐንዲስ የሆኑት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ይህን ችግር ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ2009 በመቀሌ የሚታጠብ ሞዴስ ፋብሪካ አቋቁመዋል፤ በ2019ም በዚህ ሥራቸው የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ተብለው ተሸልመዋል። እንዲህ ያለው ሞዴስ በደንብ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ፤ ከፍራሽ ሥር የተደበቀ እርጥብ ጨርቅ ግን የጀርም መራቢያ ነው። በኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ማስጣት የምታፍር ልጅ ስስ ነጠላ ጣል ታድርግበት።

5ኛ፤ ሆዷን ለሚቆርጣት ልጅ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያስታግሳታል። ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ፣ አንድ ሞዴስ በ2 ሰዓት ውስጥ ከረጠበ፣ ወይም ሕመሙ ከመራመድ ካገዳት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

በዚህ ጊዜ ከቤተ መቅደስ አለመግባት፣ ከሶላትም መቆጠብ የሃይማኖት ሥርዓት ነው፤ ከትምህርት መቅረት ግን በየትኛውም ሥርዓት አልታዘዘም።

መምህር ሆይ፤ ስም ሲጠሩ አንዲት ልጅ በየወሩ በተቀራረበ ቀን ስትቀር ቢያዩ፣ ከመቅጣትዎ በፊት በሴት መምህርት በኩል ያስጠይቋት። ምናልባት የጎደላት አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ መቀርቀሪያ ብቻ ይሆናል።