ሰው ሠራሽ ዳሌ ላይ የሚደበቀው ባክቴሪያ

ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ አዲስ አበባ ሄዶ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የተገጠመለት ሰው፣ ጥቂት ዓመታት ደህና ከርሞ እንደገና ሊያመው ይችላል። ትኩሳት የለውም፤ ጠባሳውም አልመገለም። ራጅ ሲነሳ ብረቱ ከአጥንቱ ላልቶ ይታያል። “ላልቷል፣ ይቀየር” ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ መላላት ብቻ ነው ተብሎ ከሚደረገው ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከአሥሩ በአንዱ ገደማ ማንም ያልጠረጠረው ባክቴሪያ ይገኛል።

ባክቴሪያው ከሩቅ የመጣ አይደለም። ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ኪውቲባክቴሪየም አክነስ ደግሞ ወዛም በሆነው ቆዳችን፣ በጸጉር ሥር። ቆዳ ላይ እስካሉ ድረስ ብዙም አይጎዱንም። ብረትና ፕላስቲክ ላይ ካረፉ ግን ሮቶ ውስጥ ግድግዳው ላይ እንደሚለጠፈው ዝልግልግ ያለ ስስ ሽፋን ሠርተው ከሥሩ ይቀመጣሉ። ባዮፊልም ይባላል። ብረት የደም ሥር የለውም፤ መድኃኒቱም የሰውነት መከላከያውም ሽፋኑን በቀላሉ አያልፉትም። እዚያው ሆነው በዝግታ ብረቱን ከአጥንቱ ያላቅቁታል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል የዛሬውን ዓይነት የዳሌ ቅየራ ሲጀምር ትልቁ ፈተናው ኢንፌክሽን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ ሕሙማን 7 ያህሉን ይይዛቸው ነበር። በተጣራ አየርና የሐኪሞቹን ትንፋሽ ወደ ውጭ በሚስብ ልብስ፣ ቁጥሩን ወደ 1 እና ከዚያም በታች አወረደው።

ዛሬ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ላይ የሚደረገውን ቀረብ ብለን እንየው። አሮጌው ብረት ሲወጣ ሥጋው ንጹሕ ይመስላል፤ መግል የለም፣ ሽታ የለም። ቢሆንም ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው ዙሪያ ከአምስት ቦታ ቁራጭ ሥጋ ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ሌላ ምላጭና ሌላ መቆንጠጫ ይጠቀማል፤ እያንዳንዱንም ለየብቻ ዕቃ ውስጥ ይከታል። ባክቴሪያው ከአንዱ ናሙና ብቻ ቢበቅል ከአየር ወይም ከእጅ የገባ ሊሆን ይችላል። ያው ባክቴሪያ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ናሙና ሲበቅል ግን ኢንፌክሽን ነው። ላብራቶሪውም መቸኮል የለበትም፤ ኪውቲባክቴሪየም ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየው። ስለዚህ እስከ 14 ቀን ይጠበቃል። በአምስተኛው ቀን “ምንም የለም” ብሎ መዝጋት በሽተኛውን መበደል ነው።

እኛ ጋ ሌሎች ሁለት ተጠርጣሪዎችም አሉ። አንዱ ቲቢ ነው፤ ዳሌ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ሊነሳ ይችላል፤ በተለመደው የላብራቶሪ ማብቀያ (ካልቸር) ስለማይበቅል ለይቶ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሌላው ካልፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ ነው። ሁለቱም እምብዛም አያጋጥሙም፤ ግን ከእንሰቱ ጎን ላም ያለው ሰው ይህን ለሐኪሙ ቢናገር ይጠቅመዋል።

የናሙናው ውጤት ሲመጣ አዲሱ ዳሌ ከገባ ቆይቷል። ብዙ ጊዜ ዳግም አይከፈትም፤ ለበቀለው ባክቴሪያ የተመረጠ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለ3 ወር ይታዘዛል።

እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚሆነው ነው። ዳሌው ያመመው ሰው ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ ሲውጥ ባክቴሪያውን ከብረቱ ላይ አያጠፋውም፤ ናሙናው ላይ እንዳይበቅል ግን ያደርገዋል። ሐኪሞች አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ከናሙናው በፊት ቢያንስ ለ2 ሳምንት አንቲባዮቲክ እንዲቆም የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸትም የላላን ብረት አያጠብቅም።

ሰው ሠራሽ ዳሌ ያለው ዘመድ ካለዎትና እንደገና ካመመው፣ የቀድሞውን የቀዶ ሕክምና ወረቀት አስይዘው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የዋጠውን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ። ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከተባለም “ናሙና ይወሰዳል ወይ? ከስንት ቦታ?” ብለው ይጠይቁ።