ከወር አበባ በፊት የሚመጣው ሕመም በችሎት ፊት

በ1981 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ አገር ፍቅረኛዋን በመኪና ገጭታ የገደለች አንዲት ሴት ችሎት ፊት ቀረበች። ከወር አበባ በፊት የሚመጣ ሕመም ኃላፊነቷን ቀንሶታል ተብሎ ክሱ ወደ ቀለለው የሰው መግደል ወንጀል ዝቅ አለ፤ ሳትታሰርም ተለቀቀች። የመሰከሩላት ዶክተር ካታሪና ዳልተን ነበሩ።

ለመሆኑ ሳይንሱ ይህን ያህል የሚያስተማምን ነበር? የኒውዮርኩ ሐኪም ሮበርት ፍራንክ በ1931 ሕመሙን ሲገልጹ ምክንያቱ የሴት ሆርሞን መብዛት ነው ብለው፣ የአንዳንዶቹን ሴቶች የእንቁላል ማምረቻ በጨረር እስከማከም ደርሰዋል። ዳልተን ደግሞ እርጉዝ ሳሉ ራስ ምታታቸው ሲተዋቸው አይተው፣ ከሬይመንድ ግሪን ጋር በ1953 ለሕመሙ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም አወጡለት። ምክንያቱ ግን የፕሮጄስቴሮን ማነስ ነው አሉ። አንዱ በዛ፣ ሌላዋ አነሰ!

በ1998 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የሆርሞኑ መጠን ጤናማ ሆኖ ሳለ ችግሩ ሰውነት ለለውጡ የሚሰጠው ምላሽ መሆኑን አሳየ። በ2001 የታተመ የጥናቶች ግምገማም ለዳልተን መድኃኒት፣ ለፕሮጄስቴሮን፣ ድጋፍ አላገኘም።

ሕመሙ የለም ማለቴ አይደለም፤ ከባዱ ዓይነት በ2013 በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱን ችሎ ሰፍሯል። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሴት በየወሩ ኃላፊነት ይጎድላታል የሚለው ክርክር አንዴ ከተለመደ፣ «ታዲያ እንዴት ዳኛ ትሆናለች?» ለሚለው ሰው በር ይከፍታል። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ1982 በሌላ ሴት ጉዳይ፣ ሕመሙ ብቻውን ከወንጀል ነጻ አያወጣም ሲል ወስኗል።