የዓባይ ዳገት (ክፍል ዘጠኝ)

ባለፈው ሳምንት ሚጡን የት ነበር የተውናት? ደጀን፣ አልጋ ቤቱ ጓሮ፣ ከጋሼ ጃኬት ያወጣችውን የሐኪም ወረቀት በስልኳ መብራት ስታነብ። ኮቴ ሰማች፤ እኔም እዚያው ላይ አቆምኩባችሁ። ሳምንቱን ሙሉ «ያዟት ወይስ አልያዟትም?» ስትሉ እንደከረማችሁ አላጣሁትም።

አልያዟትም። ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከትታ፣ ጃኬቱን መልሳ ሰቅላ፣ ጨለማውን ተገን አድርጋ ክፍሏ ገባች። አንድ ስሕተት ግን ሠርታለች። ምን እንደሆነ አሁን አልነግራችሁም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ራሳቸው ጋሼ ይነግሯታል።

ወረቀቱ የሚለው አጭር ነው፦ ልብዎ ደክሟል፣ ዳገት ፈጽሞ ክልክል ነው። ጋሼ፣ ሚጡና ካቴና ከጎንደር በብስክሌት ተነሥተው፣ ባሕር ዳርንና ደብረ ማርቆስን አልፈው፣ አዲስ አበባ ለመግባት 230 ኪሎ ሜትር ግድም ቀርቷቸዋል። ከፊታቸው ያለው ግን ዓባይ በረሃ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ እስከ ጎሐ ጽዮን። ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ መልሶ መውጣት!

ሊነጋ ሲል ካቴና ብስክሌቶቹን እየፈተሸ ቆየና ድንገት ቀና አለ።

«ጋሼ፣ የኋላ ፍሬንዎ ገመድ ግማሽ በግማሽ ተበጥሷል።»

«ቀይረዋ!»

«ትርፍ የነበረው አንድ ነው። እሱንም ትናንት ለሚጡ አሰርኩላት።»

ሚጡ ዕድሉን አላሳለፈችም። «እንግዲያው ጋሼ፣ እርስዎ በመኪና ይሻገሩ።»

ጋሼ ዝም ብለው አዩዋት። «ይህን በረሃ በከባድ መኪና ስመላለስበት አንቺ አልተወለድሽም» አሉና ጃኬታቸውን ለበሱ።

ካቴና ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰም። የራሱን የኋላ ፍሬን ገመድ ፈትቶ ለጋሼ አሰረላቸው። ለራሱ የቀረው የፊተኛው ብቻ ነው። ይህን ልብ በሉ።

መውረድ ጀመሩ። ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ሰው ዳገቱን ነው የሚፈራው፤ ዓባይን የሚያውቅ ቁልቁለቱን ይፈራል። ፍሬን ለረጅም ጊዜ ተይዞ ከቆየ ቸርኬው ይግላል። ቸርኬው ሲግል ካላማዳሪው ውስጥ የታመቀው አየርም ይግላል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ መጨረሻው ፍንዳታ ነው። ለዚህ ነው ጋሼ ከኋላ ሆነው «ያዝ፣ ልቀቅ! ያዝ፣ ልቀቅ!» እያሉ የሚጮኹት። ሁለት ፍሬን ያለው ሰው ሥራውን ለሁለቱ ያካፍላል። ካቴና ግን የሚያካፍለው አልነበረውም።

መሬቱ እዚያ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው እንደ ተጨማደደ ምንጣፍ ነው። ወረድ ባሉ ቁጥር ሙቀቱ ፊታቸውን ይገርፋል። ዝንጀሮዎች መከለያው ግንብ ላይ ተደርድረው ያዩዋቸዋል። ከታች አንድ ቦቴ እያቃሰተ ይወጣል፤ ከቦቴው ኋላ ደግሞ ሲኖትራክ።

ጥምዝምዙ ላይ ሲኖትራኩ ቦቴውን ለመቅደም ወጣ።

«ካቴና! ጥግህን ያዝ!»

ካቴና ፍሬኑን ጨምድዶ ያዘ። ጧ! የፊት ጎማው ፈነዳ። መሪው ከእጁ ተጠመዘዘ፤ ብስክሌቱ ወደ ገደሉ፣ እሱ ወደ ግድግዳው። ሲኖትራኩ በመካከላቸው እየጮኸ አለፈ።

አይዟችሁ፣ ካቴና አልሞተም። ክንዱ ተልጧል፣ ትከሻው አልታዘዝ ብሎታል፣ አፉ ግን ደኅና ነው። «ብስክሌቴስ?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።

እንግዲህ ለቁስለኛ መኪና ማስቆም የግድ ሆነ። ሌሎች መኪኖች እያለፏቸው ሳለ ከላይ የመጣ አንድ መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሳይለምኑት፣ ራሱ አጠገባቸው ቆመ። ቀይ አይሱዙ።

አዎ፣ ያው ነው! ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ የሚከተላቸው፣ ባለ ጥቁር መስታወቱ። ሚጡ ጋሼን አየች። ጋሼ ወደ ሾፌሩ አንገታቸውን አስግገው ትንሽ ቆዩና «ይሂድ፤ ጎሐ ጽዮን ጤና ጣቢያ ያድርሰው» አሉ። ሾፌሩን አውቀውት ነው? አንዲት ቃል አልጨመሩም። መኪናው ካቴናን ይዞ ሄደ።

ሁለቱ ብቻ ድልድዩ ደረሱ። አሮጌው ድልድይ ከጎን አለ፤ አዲሱ፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራው፣ በብረት ገመዶቹ ከወንዙ በላይ ተወጥሯል። ሚጡ ከድልድዩ ማዶ ብስክሌቷን አቆመች። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን አንብቤዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ጃኬቱን ስትመልሽ ገልብጠሽ ነው የሰቀልሽው።»

«እያወቁ ዝም አሉኝ?»

«አንቺስ እያወቅሽ ዝም አላልሽም?»

መልስ አልነበራትም። ጋሼ ግንባራቸውን ጠረጉ። «አባትሽ ረዳቴ ነበር። ይህን ታውቂያለሽ። የት እንደቀረ ግን ማንም አልነገረሽም። እዚህ ዳገት ላይ ነው ሚጡዬ፤ ከአጋማሹ ከፍ ብሎ፣ አንድ መታጠፊያ ላይ። ቦታውን ሳላሳይሽ ብሞት ዕዳ ነው። በእሱ ብስክሌት እንድትወጪውም የፈለግኩት ለዚያ ነው።»

ሚጡ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ትእዛዝ ሰጠች፦ መንዳት የለም፣ እየገፉ በእግር፣ በየጥላው ዕረፍት። ጋሼም ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አሉ።

ቀኑን ሙሉ ወጡ። ስለዚያ ብዙ አልላችሁም፤ ፀሐይ፣ አቧራ፣ የጋሼ አተነፋፈስ። ከአጋማሹ እንዳለፉ አንድ የምንጭ ውሃ አገኙ። «አንቺ ቅጂ፣ እኔ ቀስ እያልኩ ልቅደም። ቦታው ይቺን ኩርባ ስትዞሪ ነው» አሏት። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ፕላስቲኩን ሞልታ ኩርባውን ዞረች።

የጋሼ ብስክሌት መሬት ላይ ወድቋል። ቀዩ አይሱዙ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ በሮቹ ክፍት ናቸው፤ ካቴና ውስጡ የለም። ከመንገዱ ዳር በድንጋይ የተከመረ ምልክት አለ፤ ዙሪያው በቅርቡ የተጠረገ። ከሥሩ ጋሼ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። አንድ ሸበቶ ሰው ራሳቸውን ጭኑ ላይ አስደግፎ ደረታቸውን ይጫናል።

ሚጡ ፕላስቲኩን ጣለችው። ሰውየው ቀና አለ፤ ዐይኖቹ እንባ አዝለዋል።

«ሚጡ» አላት። «አንቺ ነሽ?»

ይህን ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ ከቤተሰብ፣ ከጋሼና ከካቴና በቀር የሚያውቀው የለም። ክፍል ሦስትን ያስቀመጣችሁ አውጡትና ከፎቶግራፉ ጀርባ የተጻፈውን ደግማችሁ አንብቡ፤ ያልያዛችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። ሳምንት እዚሁ ገጽ ላይ እንገናኝ።