አዲስ ጉልበት የሚጸናው በመራመድ ነው

በሬዲዮ ከተሰጠው የጤና አጠባበቅ ንግግር



በቋንቋችን ጉልበት የሚለው ቃል በአንድ በኩል ጭንንና ቅልጥምን የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ፥ በሌላ በኩል ደግሞ ኀይልንና ብርታትን ያመለክታል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ስም መጠራታቸው ተገቢ ነው። ጉልበቱ የታመመበት ሰው ክንዱ ቢበረታና ልቡ ቢጸና እንኳ ከቤቱ ደጃፍ ርቆ መሄድ አይችልምና። ዛሬ የምንነጋገረው፥ ያረጀው የጉልበት መገጣጠሚያ በቀዶ ሕክምና ከተተካ በኋላ ሕመምተኛው ኀይሉን መልሶ ያገኝ ዘንድ ስለሚያስፈልገው እንቅስቃሴ ነው።

ጉዳዩ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩትን ሁሉ ይመለከታል። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር በሥራ ላይ ሆናችሁ፥ ወላጆቻችሁ ግን በምሥራቅ ጐጃም፥ በቢቸና ወይም በሞጣ የሚኖሩ ብዙዎች ናችሁ። እናት ወይም አባት ጉልበታቸውን ሲታመሙ ወደ ከተማ አምጥቶ የሚያሳክም፥ ወጪውን የሚሸፍንና መልሶ ወደ አገራቸው የሚሸኝ ደመወዝተኛው ልጅ ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና በአገራችን በአብዛኛው የሚሰጠው በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፥ ሕመምተኛው ጥቂት ቀን በሆስፒታል ሰንብቶ ከሐኪሙ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሕመምተኛውና በቤተ ሰቡ እጅ ነው።

በመጀመሪያ ጉልበት እንዴት እንደሚያረጅ እንመልከት። የጭን ዐጥንትና የቅልጥም ዐጥንት በሚገናኙበት ስፍራ ልም አጥንት የሚባል ለስላሳ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን በዕድሜ ብዛት፥ በቀድሞ ጉዳት፥ በሰውነት ክብደት ወይም በከባድ ሥራ ምክንያት እየሳሳ ሲሄድ ዐጥንት ከዐጥንት ጋር ይፋተጋል፤ ጉልበቱም ያብጣል፥ ይንቋቋል፥ ጧት ሲነሡ አልዘረጋም ይላል፥ ውሎ አድሮም ይወላገዳል። በቢቸና ጥቍር አፈር ላይ ጤፍ ሲያርምና ሲያጭድ የኖረ ገበሬ፥ ውሃ በእንስራ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ የኖረች እናት፥ በሞጣ ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ የሚያድር ካህን፥ ሁሉም ጉልበታቸውን ብዙ ያሠሩ ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። አስቀድሞ የሚታዘዘው የጭንን ጡንቻ የሚያበረታ እንቅስቃሴ፥ የክብደት መቀነስ፥ ምርኩዝና የሕመም ማስታገሻ መድኀኒት ነው። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣና መራመድ ሲከለክል ብቻ ቀዶ ሕክምናው ይታሰባል።

ጉልበትን በሌላ ነገር የመተካት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890 በበርሊን ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ጉልበት ተክሎ ነበር፤ ነገር ግን ሕመምተኞቹ በመገጣጠሚያ ነቀርሳ የተጐዱ ስለ ነበሩ ቁስሉ አመርቅዞ ሥራው ሳይሰምርለት ቀረ። ዛሬ የሚሠራበት ዓይነት የተስፋፋው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ሐኪሙ የተበላሸውን የዐጥንት ጫፍ በስሱ ቈርጦ የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ወይም ቲታኒየም የሆነ ብረት ያለብሰዋል፤ በመካከሉም ጠንካራ ፕላስቲክ ያስገባል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 የታተመ፥ የሌሎች አገሮችን የሕክምና መዝገቦች የመረመረ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ሙሉ በሙሉ ከተተኩት 100 ጉልበቶች ውስጥ 82 ያህሉ 25 ዓመት ያገለግላሉ።

እንግዲህ ብረቱ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ብረት ብቻውን አይራመድም። ጉልበትን የሚያነሣው፥ የሚዘረጋውና የሚያጸናው የፊት ጭን ጡንቻ ነው፤ ይህ ጡንቻ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ውስጥ ከቀድሞ ኀይሉ ከግማሽ በላይ ሊያጣ ይችላል። ይህን የሚመልስ መርፌም ኪኒንም የለም፤ የሚመልሰው ማሠራት ብቻ ነው። ሕመምተኛው ሳይንቀሳቀስ ቢተኛ ሌሎችም ጉዳቶች ይከተላሉ። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው ጠባሳ ይኰማተርና ጉልበቱ እንደ ታጠፈ ወይም እንደ ተገተረ ይቀራል። በባት ውስጥ ያለው ደም ይረጋል፤ የረጋውም ደም ወደ ሳንባ ቢሄድ ለሞት ያደርሳል። ስለዚህ ነው በዛሬው ሕክምና ሕመምተኛው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግሥቱ በሰው ተደግፎ እንዲቆም የሚደረገው።

በዚህ ነጥብ ላይ ከአገራችን መልካም ልማድ አንዱ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ከሆስፒታል የተመለሰች እናት ወደ ቢቸና ስትገባ ዘመድ ጐረቤቱ እንኳን ለዚህ አበቃሽ እያለ ይሰበሰባል፤ አልጋ ይነጠፍላታል፥ ውሃው በእጇ ይሰጣታል፥ ልትነሣ ብትሞክር አርፈሽ ተኚ ትባላለች። የሚከለክሏት ስለሚወዷት ነው። ይሁን እንጂ ፍቅር በዚህ ጊዜ ማስተኛት ሳይሆን ማስነሣት መሆኑን ልጆቿ ለዘመዱ ሁሉ አስቀድመው ሊያስረዱ ይገባል። ጠያቂም ሲመጣ እርሷው እየተደገፈች እስከ በሩ ድረስ ትሸኘው። በቀን አምስት ጠያቂ ቢመጣ አምስት ጊዜ ተራመደች ማለት ነው፤ የእንግዳ ክብርም አልጐደለም።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው ዝርዝር እንግባ። ሁሉም የሚፈጸመው ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ለሕመምተኛው በተለይ ካዘዘው ጋር እየተስማማ ነው።

የመጀመሪያው በአልጋ ላይ የሚሠራ ነው። እግርን ከቍርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ደሙን ያዘዋውራል፤ ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ ሊደጋገም ይገባል። ቀጥሎ ጉልበቱን ዘርግቶ የፊት ጭንን ማጥበቅና ከአምስት እስከ ዐሥር ሰኮንድ ይዞ መልቀቅ ነው። ሦስተኛው ተረከዝን በአንሶላው ላይ ወደ መቀመጫ እየሳቡ ጉልበትን ቀስ በቀስ ማጠፍና መልሶ መዘርጋት ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሕመምተኛው እንዲመቸው ተብሎ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አይደረግ። ትራሱ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ታጥፎ እንዲቀር ያደርገዋል። እግሩ ከፍ እንዲል ከተፈለገ ትራሱ ከተረከዙ ሥር ይሁን።

ሁለተኛው መራመድ ነው። መጀመሪያ ከአልጋ እስከ ደጃፍ፥ ከዚያ እስከ አጥር በር፥ ቀጥሎ እስከ ጐረቤት ቤት፥ እንዲህ እያሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም እስከ መስጊዱ መድረስ ነው። ከሁለት ክራንች ወደ አንድ ምርኩዝ ሲሸጋገሩ ምርኩዙ የሚያዘው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት እግር በተቃራኒው ባለው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በታመመው እግር በኩል በመያዝ ይሳሳታል። ደረጃ ሲወጡ ደኅናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የታከመው ይቀድማል። የአልጋው እንቅስቃሴ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፥ በያንዳንዱ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢሠራ መልካም ነው፤ የመራመዱም ጊዜ ቀስ በቀስ ወደዚሁ መጠን ይድረስ። አንድ ቀን ብዙ ደክሞ ሦስት ቀን ከመተኛት፥ ጥቂት ጥቂት እያሉ በየቀኑ መሥራት ይበልጣል።

ግቡም በቍጥር ሊታወቅ ይችላል። በሜዳ ላይ ለመራመድ ጉልበት 70 ዲግሪ ያህል መታጠፍ አለበት፤ ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ 90 ገደማ፥ ከዝቅተኛ መቀመጫ ለመነሣት ደግሞ ከ100 በላይ ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱም ከመታጠፉ የማይተናነስ ነገር ነው። ጉልበቱ ቶሎ እንዲታጠፍ የሚሠራበት ዋነኛው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ናቸው፤ የጡንቻው ኀይል ግን እስከ አንድ ዓመት ድረስ እየጨመረ ይሄዳል።

ሕመም አይኖርም ብሎ ሕመምተኛውን ማታለል አይገባም። ይኖራል፤ እብጠቱም ለወራት ሊቈይ ይችላል። ሐኪሙ ያዘዘው ማስታገሻ ከእንቅስቃሴው ጥቂት ቀደም ብሎ ቢወሰድ ሥራውን ያቀልላል። ከሥራውም በኋላ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ቁስሉ እንዳይረጥብ እየተጠነቀቁ በቀዝቃዛ ነገር ማብረድ ይጠቅማል። ሥራው ካበቃ በኋላ ቀስ በቀስ የሚበርድ ሕመም የሚያስፈራ አይደለም። ጉልበቱን ለወጌሻ ሰጥቶ ማሳሸትና በግድ ማስጐንበስ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ቁስሉም ሳይገጥም በጠበል ወይም በወንዝ ውሃ አይነከር።

ቤቱም ለሕመምተኛው እንዲመች ይዘጋጅ። በርጩማና ዝቅተኛ መደብ ለጊዜው ይቅሩና ደገፋና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይቅረብ። ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ቤት ትልቅ ችግር ስለ ሆነ፥ መካከሉ የተቀደደ የእንጨት ወንበር በአናጢ ማሠራት ይቻላል። በክረምት ግቢው ጭቃ ሲሆን እንዳያንሸራትት ድንጋይ ወይም ጠጠር ይነጠፍ። ክርስቲያኑ ስለ ስግደቱ፥ ሙስሊሙም ስለ ሰላቱ ይጨነቃል። መንበርከክ አዲሱን መገጣጠሚያ ይሰብረዋል ማለት ባይሆንም፥ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ቆሞ ወይም በወንበር ተቀምጦ መጸለይ ይሻላል፤ ስለዚህም ከነፍስ አባት ወይም ከሼኹ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ወደ አገር ቤት የሚደረገውም ጕዞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዓባይ በረሓን ወርዶ ለሚወጣ መንገደኛ ለብዙ ሰዓት ጉልበትን አጥፎ መቀመጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ስለዚህ ሐኪሙ ጕዞውን ሲፈቅድ ብቻ ይነሡ፤ በጎሐ ጽዮንና በደጀን ወርደው ይንቀሳቀሱ፤ ለደም መርጋት መከላከያ የታዘዘውንም መድኀኒት አያቋርጡ። ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት የእንቅስቃሴው ዝርዝር በአማርኛ ተጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ በቤት የሚያስታምመውም ሰው በፊዚዮቴራፒስቱ ፊት ሠርቶ ያሳይ። መንገድ የማይመችበት ጊዜ ስለማይጠፋ ይህ ወረቀት ትልቅ ጥቅም አለው። ለክትትል የሚቀርበውም የት እንደ ሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ሞጣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ለሞጣ ሰው ባሕር ዳር ይቀርበዋል።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶችም አሉ። ባት ሲያብጥና ሲያም፥ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋ፥ ቁስሉ ሲቀላና መግል ሲያወጣ፥ ትኵሳት ሲነሣ፥ ወይም ሲራመድ የነበረ ሰው በድንገት መቆም ሲያቅተው በዚያው ዕለት በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ነው። በቢቸናም በሞጣም ሆስፒታል ስላለ፥ የአዲስ አበባው ሐኪም እስኪገኝ ተብሎ አይጠበቅ።

አንባቢዎች ሆይ፥ ለቀዶ ሕክምናው ብዙ ገንዘብ ታወጣላችሁ፤ ፈቃድም ወስዳችሁ ትደክማላችሁ። ወላጃችሁን ወደ አገር ቤት ከሸኛችሁ በኋላ ስልክ ስትደውሉ ደኅና ነሽ ወይ፥ በልተሻል ወይ ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። ዛሬ እስከ የት ተራመድሽ ብላችሁ ጠይቁ፤ ነገም እንደዚሁ ጠይቁ። በየቀኑ የሚጠየቅ ሰው በየቀኑ ለመልሱ ይዘጋጃልና።