የኢንተርኔትን ታሪክ አየሁ፤ ፊደላችንን ግን ፈልጌ አጣሁ

ፒቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ሕዝባዊ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳየው «ነርድስ 2.0.1» የተሰኘ ባለ ሦስት ክፍል ዶኩመንተሪ አለ። («ነርድ» አሜሪካኖች ከመሣሪያው በቀር ሌላ ዓለም ለሌለው ሰው ያወጡት የማላገጫ ስም ነው።) አቅራቢው ሮበርት ክሪንግሊ የኢንተርኔትን ታሪክ ከሠሪዎቹ አንደበት ያሰማናል። ሰሞኑን ደግሜ አየሁት።

ኢንተርኔት የኒውክሌር ጦርነትን እንዲቋቋም ተብሎ ተሠራ ሲባል ያልሰማ የለም። መነሻው ግን ከዚያ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1966 በፔንታገን አርፓ በተባለው የምርምር መሥሪያ ቤት የነበረው ቦብ ቴይለር ቢሮው ውስጥ ሦስት ተርሚናሎች ነበሩት፤ አንዱ ለኤም.አይ.ቲ.፣ አንዱ ለበርክሊ፣ አንዱ ለሳንታ ሞኒካ። ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ ሰለቸውና አንድ ለምን አይበቃም ብሎ አለቃውን ጠየቀ። አንድ ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደለት። የጦርነቱን ወሬ ራሱ ቴይለር ሲያስተባብል ኖሯል።

የመጀመሪያው መልእክት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ከሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ ምርምር ተቋም ተላከ። «ሎጊን» ሊባል ታስቦ፣ «ኤል» እና «ኦ» እንደደረሱ ማሽኑ ቀጥ አለ!

እኔን የከነከነኝ ይኸው የፊደል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹንና አኃዙን ሳንቆጥር። በክፋት ነው አልልም፤ ቤቱ ሲሠራ እኛን የቆጠረን አልነበረም።

ስለዚህ በ1990ዎቹ በስደት ያለን ሰዎች አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ከረምን። ጠ እና ተ ስለማይለዩ «ወንድምህ መጣ» ይሁን «ወንድምህ መታ» አንባቢው ይገምት ነበር። የአማርኛ ሶፍትዌር ያሰናዱ ወገኖች ነበሩ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ስላስቀመጠው፣ ላኪና ተቀባይ አንድ ዓይነት ፎንት ከሌላቸው ደብዳቤው የጫጩት እግር ሆኖ ይደርሳል። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ3.0 እትሙ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ፊልሙ በታየ በዓመቱ።

አሜሪካኖች የራሳቸውን ታሪክ ቢተርኩ አይወቀሱም። በየከተማው ያላችሁ የኢትዮጵያውያን ራዲዮና ቴሌቪዥን አዘጋጆች ግን፣ ፊደላችንን ለኮምፒዩተር ያበቁትን ሰዎች ካሜራ ፊት አስቀምጣችሁ ብትጠይቁስ? ፀጉራቸው የሸበተ አሉ።