«እንደገና አሳየኝ» ማለት ለሚያፍሩት
የስልክን ገጽ እየቀረጹ ጀማሪን ስለማስተማር

በብዙዎቻችን ቤት የሚታይ አንድ ሁኔታ በማንሳት እንጀምር። እናት ደሴ ናቸው፤ ልጃቸው ለሥራ ጅዳ ከሄደች ዓመታት ተቆጥረዋል። ልጅ ለእናቷ ዘመናዊ ስልክ ገዝታ ትልካለች። የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ ይመጣና ስልኩን ከፍቶ፣ ጣቱን እያፈጠነ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አድርጎ፣ «በቃ እንደዚህ ነው፤ ቀላል ነው» ብሎ ይሄዳል። እናትም «ገባኝ፣ ተባረክ ልጄ» ብለው ይሸኙታል። ነገር ግን አልገባቸውም። ማታ ልጃቸው ስትደውል ምልክቷን ደጋግመው ይነካሉ፤ ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም ይላል። በማግስቱ ልጁን መልሰው መጥራት ያሳፍራቸዋል። «ሥራውን ትቶ የኔ አስተማሪ ይሁን እንዴ?» ይላሉ። ጅዳ ያለችውም ልጅ «እማዬ ምን ሆነው ይሆን?» እያለች ስትጨነቅ ታድራለች።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? እናት ደካማ ስለሆኑ አይደለም። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ገቢ ጥሪ የሚነሳው ምልክቷን በመንካት ሳይሆን በጣት ይዞ በመጎተት ነው። ልጁ ጎትቷል፤ እጁ ፈጣን ስለሆነ ግን እናት ያዩት መንካቱን ብቻ ነው። ማወቅ ሌላ፣ ማሳወቅ ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳውም የስልክን ወይም የኮምፒዩተርን ገጽ እንደ ፊልም ቀርጾ፣ በድምፅ እያስረዱ ለጀማሪ ስለመላክ ነው።

የማይሰለች አስተማሪ

በዚህ ረገድ የሚጠቀስ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ሳልማን ካን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ቦስተን ከተማ ሆኖ፣ ኒው ኦርሊየንስ ለምትገኝ አንዲት ታዳጊ ዘመዱ በስልክና በኢንተርኔት አማካይነት ሒሳብ ያስጠናት ጀመር። ሌሎች ዘመዶቹም እንዲያስጠናቸው ሲጠይቁት እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርቱን እየቀረጸ ዩቲዩብ ላይ ማኖር ያዘ። በቀረጻዎቹ ውስጥ የሱ ፊት አይታይም፤ ጥቁር ገጽ፣ በላዩ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍና የሚያስረዳው ድምፅ ብቻ ነው። ዘመዶቹ ታዲያ እሱን በአካል ከማግኘት ይልቅ ቀረጻውን እንደሚመርጡ ነገሩት። ካን ራሱ ሲያስረዳ፣ ምክንያቱ ያልገባቸውን አቁመው መድገም መቻላቸው፣ ጊዜውን እንዳባከኑበትም ሳይሰማቸው መማራቸው ነው ይላል። ይህ የቤተሰብ ጥናት አድጎ እ.ኤ.አ. በ2008 ካን አካዳሚ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመሠረተ።

እንግዲህ የቀረጻ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ቀረጻ አሥር ጊዜ ቢደገም አይሰለችም፤ አይቆጣም፤ «ትናንት ነግሬዎት አልነበረም?» አይልም። ያፈረ ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን ይማርበታል።

መሣሪያው በእጃችን ነው

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው አንድሮይድ 11 ጀምሮ የስክሪን መቅረጫ የአንድሮይድ አካል ሆኗል። ከስክሪኑ አናት በጣት ወደ ታች ሲሳብ ከሚመጡት ምልክቶች መካከል ይፈለጋል። መቅረጽ ከመጀመሩ በፊትም ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ድምፅ አብሮ ይቀረጽ ወይ? የጣት ንክኪስ ይታይ ወይ? ለጀማሪ ለማስተማር ሁለቱንም «አዎ» ማለት ይበጃል። ንክኪው ሲታይ ጣታችን ያረፈበት ቦታ ላይ ነጥብ ይወጣል፤ ስንጎትት ነጥቧ አብራ ትሄዳለች። ከላይ ያነሳናቸው እናት ያላዩትን የሚያሳያቸው ይህች ነጥብ ናት።

በአይፎንም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መቅረጫው አብሮ ይመጣል። ሆኖም የራሳችን ድምፅ እንዲገባ በመቅረጫው ምልክት ላይ ጣትን ጫን አድርጎ በማቆየት ማይክሮፎኑን መክፈት ያስፈልጋል። ይህን የዘነጋ ሰው አሳምሮ አስረድቶ ሲጨርስ ድምፅ አልባ ቀረጻ ያገኛል። ኮምፒዩተር ላይ መቅረጽ ለሚፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ኦ.ቢ.ኤስ ስቱዲዮ የተባለው ፕሮግራም በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል።

ሲቀረጽ ምን እንጠንቀቅ?

1ኛ. አንድ ቀረጻ አንድ ነገር ብቻ ያስተምር። «የስልክ አጠቃቀም» ብሎ የግማሽ ሰዓት ቀረጻ መላክ ጀማሪን ማስፈራራት ነው። «የተደወለን ስልክ ማንሳት» የሚለው ለብቻው፣ «የድምፅ መልእክት መላክ» የሚለውም ለብቻው ይሁን። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በቂ ነው። አጭር ሲሆን ለመድገም ይቀላል፤ የኢንተርኔት ወጪውም ይቀንሳል።

2ኛ. የተማሪውን ስልክ እናስብ። ጅዳ ያለችው ልጅ ስልኳን በዐረብኛ ብታደርገው፣ የእናቷ ግን በአማርኛ ቢሆን፣ የሚለየው ጽሑፉ ብቻ አይደለም። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ የስልኩም ገጽ አብሮ ይገለበጣል፤ በግራ የነበረው ምልክት ወደ ቀኝ ይዞራል። «በቀኝ በኩል ያለችውን ይንኩ» የሚለው ምክር ደሴ ሲደርስ ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ ከመቅረጿ በፊት የስልኳን ቋንቋ እንደ እናቷ ታድርገው። ቢቻል ደግሞ ተመሳሳይ ስልክ ይዞ መቅረጽ የተሻለ ነው።

3ኛ. በቃል የምንለው በዓይን ከሚታየው ጋር ይስማማ። «ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ» ቢባል ሴቲንግ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ምንም አልተባለም። «ጥርስ ያለው ጎማ የመሰለችውን ምልክት ይፈልጉ» ቢባል ግን ማንበብ የማይችልም ያገኛታል። «እዚህ ጋ»፣ «ይቺን» እያሉ ማለፍም ይቅር፤ ቀለሟና ቅርጿ ይነገር።

4ኛ. ከመንካት በፊት መናገር፣ ከነኩ በኋላ ዝም ማለት። አስቀድመን የምንነካውን እንናገር፤ እንንካ፤ ከዚያም ገጹ ሲለወጥ ተማሪው እንዲያየው ጥቂት እንቆይ። በአነጋገራችን ብንሳሳት ደግሞ አያስጨንቀን። «ይቅርታ፣ እዚህ ተሳሳትኩ፤ ለመመለስ እንዲህ ይደረጋል» ብንል እንዲያውም ይበልጥ ይጠቅማል። ጀማሪ በጣም የሚፈራው ስልኩን ማበላሸትን ነው፤ ከስሕተት መመለስ እንደሚቻል ሲያይ ድፍረት ያገኛል።

ምስጢር እንዳይወጣ

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። መቅረጫ የምናሳየውን ብቻ ሳይሆን በገጹ ላይ ያለፈውን ሁሉ ይይዛል። በመሐል የሚመጣ መልእክት፣ የሰዎች ስልክ ቁጥር፣ የእህቶችና የልጆች ፎቶ ሁሉ ሳናስበው አብሮ ሊገባ ይችላል። ይህ የኛ ብቻ ሳይሆን የሌላውም አማና ነው። ስለሆነም ከመጀመራችን በፊት ስልኩን «አትረብሽ» በሚለው ላይ ማድረግ፣ የፎቶ ማኅደሩንም አለመክፈት ይገባል።

በገንዘብ ጉዳይ ደግሞ ጥንቃቄው ይበረታል። የጣት ንክኪ እንዲታይ አድርገን የምስጢር ቁጥር ብናስገባ፣ ቁጥሩ በከዋክብት ቢሸፈንም እንኳ ነጥቧ የትኞቹን ቁጥሮች እንደነካን ታሳብቃለች። አንዳንድ የባንክ ፕሮግራሞች መቅረጽን ስለሚከለክሉ ቀረጻው ላይ ገጻቸው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ይህ ለጥበቃ የተደረገ ነውና መንገድ ፈልጎ ማለፍ አይገባም። እዚያ ላይ ስንደርስ «አሁን የምስጢር ቁጥርዎን ያስገቡ፤ ለማንም አያሳዩ» ብሎ በቃል ማለፍ በቂ ነው። የምስጢር ቁጥር የታየበት ቀረጻ በስሕተት ከተላከም ማጥፋቱ ብቻ አያድንም፤ ቁጥሩ ወዲያውኑ ይለወጥ።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። ቀርጾ መላክና ስክሪንን በቀጥታ ማጋራት የተለያዩ ናቸው። የማናውቀው ሰው ደውሎ «ላግዝዎ፤ ስክሪንዎን ያጋሩኝ» ወይም «በመልእክት የደረሰዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ይንገሩኝ» ቢል መልሱ ስልኩን መዝጋት ነው። ይህን ለወላጆቻችን በምንልከው ቀረጻ ውስጥ ደግመን ደጋግመን እንንገራቸው።

ስንልከውስ?

ቀረጻውን ከመላካችን በፊት ራሳችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንየው፤ ድምፁ ይሰማ እንደሆነ፣ መታየት የሌለበት ነገር ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። መግቢያው ላይ ወሩንና ዓመቱን በቃል እንናገር። ፕሮግራሞች በየጊዜው ስለሚታደሱ የምልክቶቹ ቦታ ይለወጣል፤ ቀኑን የሰማ ሰው ቀረጻው የቆየ መሆኑን ያውቃል። ከዚያም በቴሌግራምም ሆነ በኢሞ፣ ተማሪው በለመደው መንገድ ይላክለት። ቪዲዮውን ራሱ መክፈት ለማይችል ሰው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቡ ያለ ልጅ ይክፈትለት። የቀረጻ ትምህርት የሰውን እጅ ጨርሶ አይተካም።

ትምህርቱ መግባቱን የምናውቀው ደግሞ «ገባዎት?» ብለን በመጠየቅ አይደለም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና። ስልኩን በተማሪው እጅ ሰጥተን፣ የራሳችንን እጅ ሰብስበን፣ ዝም ብለን ማየት ነው። የሚደናገርበት ቦታ ካለ ጉድለቱ የቀረጻችን ነው፤ ያችን ቦታ ብቻ ደግመን እንቅረጽ።

ውድ አንባብያን! ልጆች ሳለን ማንኪያ አያያዝ፣ ፊደል አቆጣጠር ያስተማሩን ስንት ጊዜ ደጋግመው እንደነበር የምናስታውሰው የለም። እነሱም አልቆጠሩብንም። ዛሬ ተራው የኛ ሆኗል። እስቲ በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችን ወይም ከዘመዶቻችን አንዱ ለመጠየቅ ያፈረውን አንድ ነገር ለይተን ሁለት ደቂቃ እንቅረጽለት። ምናልባት ያች አጭር ቀረጻ ማታ በጸጥታ ሦስትና አራት ጊዜ ትታይ ይሆናል። በማግስቱ ከጅዳ ሲደወል ግን ስልኩ ጮኾ ዝም አይልም፤ «እማዬ!» ሲባል «አቤት ልጄ!» የሚል መልስ ይሰማል፣ ኢንሻአላህ።